የ3.3 ቮልት ፒኮ ከአባቴ 386 ጋር፦ 32 ይላካል፣ 0 ይነበባል

አራዳ386 ፤ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

አባቴ ፒያሳ፣ ጊዮርጊስን አለፍ ብሎ፣ የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበረው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ሁሉንም ይጽፍ ነበር። ከዚያ ቤት የቀረችን አንዲት የድሮ 386 ኮምፒውተር ናት። ዛሬም ትነሳለች። ሀርድ ዲስኳ ውስጥ አባቴ በዶስ የአማርኛ መጻፊያ የጻፋቸው የራሱ ማስታወሻዎች አሉ። ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። እነሱን ማውጣት እፈልጋለሁ።

ፍሎፒዋ አትሠራም። የሲሪያል ፖርቷ አይሲዎች ተቃጥለዋል። ሀርድ ዲስኩን ነቅዬ በዩኤስቢ አስማሚ ሞከርኩ፤ አስማሚው ጭራሽ አላወቀውም። ስለዚህ አይኤስኤ በሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ካርድ ማስገቢያዋ ላይ የሚሰካ የራሴን ካርድ ሠራሁ። አድራሻውን የሚለየው 74ኤልኤስ688 ነው። ኮምፒውተሯ የምትልከውን ባይት 74ኤልኤስ374 ይይዘዋል፤ ከእሱ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ራስበሪ ፓይ ፒኮ፣ ማለትም ፕሮግራም ወደሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ ይገባል። ከፒኮ ወደ ኮምፒውተሯ የሚመለሰው ደግሞ በ245 በኩል ነው። ፒኮው ከላፕቶፔ ጋር በዩኤስቢ ተያይዟል። በኪውቤዚክ አጭር ፕሮግራም በእጄ ጻፍኩ። አንድ ባይት ትልካለች፣ ፒኮው መልሶ ያንኑ ይልክላታል፣ ታነጻጽራለች።

ችግሩ እዚህ ነው። 0 ስልክ 0 ይመለሳል። 255 ስልክ 255። 223ም ልክ ነው። 32 ስልክ ግን አንዳንዴ 0 ይመለሳል። 64ም እንደዚሁ። ላፕቶፑ ላይ ሳየው ፒኮው ትክክለኛውን 32 ተቀብሏል። ስለዚህ መሄዱ ደህና ነው፤ የሚበላሸው መመለሱ ነው። ጠዋት ጥቂት ስህተት ነው ያለው፤ ማታ ይበዛል። ሦስት ቀን ፕሮግራሙን ስመረምር ከረምኩ። የት ልፈልግ?

ሽቦ_በሽቦ ፤ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ደስ የሚል ሥራ ይዘሃል።

ፒኮ 3.3 ቮልት ነው፣ ኮምፒውተርህ 5 ቮልት ናት። መሃል ላይ ቮልት ቀያሪ ያስፈልግሃል። እነዚያ ትንንሽ ባለአራት መስመር ቀያሪዎች አሉ አይደል፣ ትንሽ ሞስፌትና ሁለት ሁለት 10 ኪሎ ኦም ያለባቸው? ሁለቱን ግዛና በየመስመሩ አስገባ። አቅጣጫ እንኳ አይጠይቁህም። በሌላው በኩል ለሚገባው ደግሞ ሬዚስተር ማካፈያ አድርግ፤ 1.8 ከላይ፣ 3.3 ኪሎ ከታች። 5 ቮልቱ ወደ 3.2 ይወርድልሃል። አለቀ።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ ፤ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

አራዳ፣ ነፍስ ይማር። ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። 245 ብቻ ብለህ አልፈሃል። በ74 እና በ245 መካከል ያሉት ፊደሎች ምንድን ናቸው? ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

ሽቦ በሽቦ፣ ያልከው ቀያሪ ለማይፈጥን መስመር ጎበዝ ነው። ሴንሰር ላይ እኔም እጠቀምበታለሁ። እዚህ ግን 1ን የሚያወጣው 10 ኪሎ ኦሙ ብቻ ነው። የአይኤስኤ መስመር ረጅም ነው፤ በየማስገቢያው ይዞራል። 50 ፒኮ ፋራድ ብቻ ብንለው እንኳ 10 ኪሎ ሲባዛ በ50 ፒኮ 500 ናኖ ሰከንድ ነው። የ8 ቢት የፖርት ንባብ ጠቅላላ ጊዜው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ቮልቱ ገና እየተንፏቀቀ ሲወጣ ኮምፒውተሯ አንብባ ጨርሳለች።

አራዳ386 ፤ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

አሁን በባትሪ አብርቼ አየሁት። 74ኤችሲ245 ይላል። ሱቁ የነበረው እሱ ብቻ ነበር፤ 245 ሁሉ አንድ ነው ብሎ ሰጠኝ። ኃይሉን ከኮምፒውተሯ 5 ቮልት ነው የሚያገኘው።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ ፤ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:58

እንግዲህ ተገኘ።

«5 ቮልት ሎጂክ» የሚባል አንድ ነገር የለም። እያንዳንዱ ተቀባይ ፒን የራሱ ደፍ አለው። እንደ ቤት ደፍ አስበው፤ እግርህን ከዚያ በላይ ካላነሳህ አትገባም። የቲቲኤል ቤተሰብ፣ ማለትም ተራው 74 እና ኤልኤስ፣ ከ0.8 ቮልት በታች ያለውን 0 ይለዋል፣ ከ2.0 በላይ ያለውን 1። ኤችሲቲም ያንኑ ይከተላል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ቲ» የቲቲኤል ናት። ኤችሲ ግን ሲሞስ የሚባለው አሠራር ነው፤ ደፉን ከራሱ ኃይል ነው የሚለካው። 1 ለማለት ከኃይሉ 70 በመቶ ይፈልጋል፣ 0 ለማለት ከ30 በመቶ በታች። 5 ቮልት ላይ 1 ማለት 3.5 ቮልት ነው።

ፒኮህ ከፍ ቢል ቢል 3.3 ነው። ደፉ ላይ አይደርስም።

የሚገርመው ደግሞ 3.3 ቮልት ሎጂክ ሲመጣ የቲቲኤልን 0.8 እና 2.0 እንዳለ ነው የወሰደው። ስለዚህ ፒኮህ ወደ ኤልኤስ ወይም ወደ ኤችሲቲ ሲልክ ያለ ምንም ቀያሪ ይግባባል። ያልተግባባው ከዚህ ከአንዱ ጋር ነው።

ሽቦ_በሽቦ ፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:20

እህቴ፣ በዚህ አልስማማም። እኔ 3.3 ቮልት ቦርድ ከ5 ቮልት ኤችሲ ጋር አገናኝቼ የማስታወቂያ መብራት ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። 3.5 ከሌለ አይሠራም ከተባለ የእኔ እንዴት ሠራ? የእሱስ 255 እንዴት ልክ መጣ?

የድሮ_ካውያ ፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:45

ልጆች፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው። ላስታርቃችሁ።

ኤችሲ በተግባር የሚገለበጠው ከኃይሉ ግማሽ አካባቢ ነው። 5 ቮልት ላይ 2.5 ገደማ። ስለዚህ 3.3 ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ 1 ብሎ ያልፋል። 3.5 ማለት ግን ፋብሪካው የሚፈርምበት ቁጥር ነው። ከየትኛውም ቀን ምርት፣ በየትኛውም ሙቀት፣ ይህን ካገኘሁ 1 እላለሁ ብሎ ቃል የገባበት። ከዚያ በታች ስትሆኑ የምትሠሩት በአይሲው ደግነት ነው። የሽቦ በሽቦ መብራት በዝግታ ነው የሚበራው የሚጠፋው። ትንሽ ቢንገዳገድም ዓይን አያየውም። ባስ ላይ፣ ማለትም ካርዶቹ ሁሉ በሚጋሩት መስመር ላይ፣ ግን እያንዳንዷ ንባብ ትቆጠራለች።

አሁን ወደ አራዳ። አንተ የሰጠኸን ቁጥሮች ራሳቸው ይናገራሉ፤ በደንብ ነው የመዘገብከው። 32 ከስምንቱ ቢት አንዱ ብቻ 1 የሆነበት ነው። 64ም እንደዚያው። 223 ተቃራኒው ነው፤ አንዱ ብቻ 0። የሚሳሳተው ብቸኛው 1 ነው እንጂ ብቸኛው 0 አይደለም። ለምን?

ማንም በማይናገርበት ጊዜ የባሱ መስመሮች በፑል አፕ ሬዚስተር ወደ ላይ ተስበው ይቆያሉ። የአንተ 245 ሲከፈት 32ን ለማውጣት ሰባት መስመሮችን ባንዴ ወደ 0 ይጥላል። የሰባቱ መስመር ክምችት በሙሉ በዚያች በአንዷ የግራውንድ (የ0 ቮልት) እግር ነው የሚፈሰው። ግራውንድ ሽቦህ ረጅም ከሆነ፣ በአይሲው ውስጥ ያለው «0 ቮልት» ለቅጽበት ከፍ ይላል። ከውጭ 3.3 የሆነው ለእሱ 2.7 ይሆናል፣ ወይም 2.5። ያቺ ብቸኛ 1 የምትወድቀው ያኔ ነው። ቁመቷ ቀድሞውንም ከደፉ ብዙ የሚተርፍ አልነበረምና። 255 ሲሆን የሚወድቅ መስመር የለም፤ ግራውንዱም አይዘልም። 0 ሲሆን ደግሞ ቢዘልም የሚጎዳ 1 የለም።

ማታ የሚብሰው ሌላ ነገር ነው። 5 ቮልቱን ጠዋትና ማታ ለካልኝ። የኤችሲ ደፍ ከኃይሉ ጋር አብሮ ይወጣል። 5.2 ቮልት ከሆነ የሚፈልገው 3.64 ነው።

ጥያቄ ልጨምር። ካርዱ በምን ላይ ነው የተሠራው? ከ245 ግራውንድ እስከ ማስገቢያው ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? በኃይሉ እግር አጠገብ 100 ናኖ ፋራድ አለ?

አራዳ386 ፤ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ቀን ያልገባኝ በአንድ ጊዜ በራልኝ።

እንደነገሩኝ ለካሁ። ጠዋት 5.04፣ አሁን 5.19 ነው። ካርዱ በብሬድቦርድ ላይ ነው፤ ከማስገቢያው በፍላት ኬብል ይወጣል። ግራውንዱ አንድ ሽቦ ነው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ካፓሲተር አላደረግሁም።

ኤችሲቲ ፈልጌ ሁለቱንም ልቀይር? 374ቱንም ጭምር? ደግሞ ሽቦ በሽቦ ያለውን ማካፈያ በሚገባው በኩል ላድርግ?

የአምስት_ኪሎ_ልጅ ፤ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

374ቱን አትንካ! ይህን በደማቅ ጻፍልኝ።

ደፍ የተቀባዩ ነው። ላኪው ደግሞ ስንት ቮልት እንደሚያወጣ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ኤችሲቲ ሲቀበል እንደ ቲቲኤል ነው፣ ሲያወጣ ግን ሲሞስ ነው፤ ሙሉ 5 ቮልት ይገፋል። ኤልኤስ374 ፍሰት ሲሳብበት ወደ 3.4 አካባቢ ነው የሚያወጣው። አንተ ያለህ ካርድ በዚያ በኩል እስካሁን የተረፈው በዚህና በ1 ኪሎ ኦሞቹ ነው። የፒኮ ፒን የሚችለው ከራሱ 3.3 በ0.5 ቮልት የሚበልጠውን ነው። ኤችሲቲ374 ብታደርግበት ከዚያ አልፎ ፒኑን ይመታዋል።

ማካፈያውም እዚህ አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። 1.8 እና 3.3 ኪሎ የገባውን ወደ 65 በመቶ ይቀንሱታል። ከላይ 5 ቮልት ቢመጣ ጥሩ ነበር። ኤልኤስ ግን ፋብሪካው የሚፈርምለት 1 ከ2.4 ቮልት ጀምሮ ነው። 2.4 በ65 በመቶ 1.55 ነው። ፒኮው 1 ለማለት 2.0 ይፈልጋል። 3.4 ቢያወጣ እንኳ 2.2 ነው የሚደርሰው። ያለህን ችግር ከመመለሻው ወደ መሄጃው ታዛውረዋለህ።

ትክክለኛው መድኃኒት በፒኮ በኩል 3.3 ቮልት የሚበላ 74ኤልቪሲ245 ማስገባት ነው። መግቢያዎቹ 5 ቮልት ይችላሉ፤ እሱ የሚያወጣው ደግሞ ከ3.3 አይበልጥም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ። እስከዚያው ኤልኤስ374ን ከ1 ኪሎ ኦሞቹ ጋር እንዳለ ተወው።

የድሮ_ካውያ ፤ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ልጄ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። አንዲት ነገር ልጨምር፤ ኤልኤስ ፍሰት ሳይሳብበት ከ4 ቮልት በላይም ሊወጣ ይችላል። በሜትር 3.4 አየሁ ብለህ 1 ኪሎ ኦሞቹን እንዳታነሳ። ትርፉን ፍሰት የሚገቱልህ እነሱ ናቸው።

እነዚያኑ 1 ኪሎ ኦሞች ደግሞ ተራው 74፣ ያለ ኤልኤስ፣ ወደሚቀበልበት መስመር በፍጹም አታስገባ። የድሮው ቲቲኤል 0 ሲሰጠው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ፍሰት ወደ ላኪው ይመልሳል። እስከ 1.6 ሚሊ አምፔር። በ1 ኪሎ ኦም ስታባዛው 1.6 ቮልት ነው። ላኪው ንጹሕ 0 እያወጣ ተቀባዩ ዘንድ 1.6 ይደርሳል፤ ደፉ ደግሞ 0.8 ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ቦርድ ተጥሎ አይቻለሁ። ኤልኤስ 0.4 ሚሊ አምፔር ነው፣ እሱም በ1 ኪሎ ኦም ከ0.8ቱ ደፍ ግማሹን ይበላል።

ሽቦ_በሽቦ ፤ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:50

ተቀብያለሁ። የ2.4ን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ 5 ቮልት አይሲ 5 ቮልት ያወጣል ብዬ ነው የያዝኩት። የማስታወቂያ መብራቱንም ሄጄ በኤችሲቲ እቀይረዋለሁ፤ ደንበኛው ከፍሎበታል። አራዳ፣ ማካፈያውን ሠርተህ ከሆነ ይቅርታ።

መርካቶ_ቦርድ ፤ ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:15

ወንድሜ ኤችሲቲ ፍለጋ አትልፋ። ምናለሽ ተራ የድሮ ኮምፒውተር ካርድ አይጠፋም። የሞተ የአይኤስኤ ካርድ አንሳና የወርቅ ጥርሶቹ አጠገብ እይ። ብዙዎቹ ላይ 74ኤልኤስ245 አለ፣ ባለ20 እግር። ከባሱ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነበር። ኤልኤስ245 ደግሞ የመስመር ረብሻን እንዲቋቋም የተሠራ ነው፤ ለ0 እና ለ1 የሚገለበጥበት ነጥብ ትንሽ ይለያያል፣ ግራውንድ ቢዘልም ቶሎ አይደናገርም።

ስትነቅል ሁለቱን ጎን እየቀያየርክ አታሙቅ፣ እግር ይሰበራል። አዲስ ሶልደር ጨምርበትና ባንዴ አቅልጠው። ቦታውን በትክክል ባልነግርህም እዚያ ስትደርስ «የድሮ ካርድ» በል፣ ያሳዩሃል። በኪሎ የሚሸጡም አሉ።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ ፤ ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:00

ግሩም ሐሳብ ነው። ለዚህ ካርድ ከአዲሱ ኤችሲ ይልቅ የጥንቱ ኤልኤስ ይሻላል።

አራዳ፣ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ፒኮህ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፕ ነው። መብራት ሲጠፋስ? 386ዋ ወዲያው ትጠፋለች፣ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል። ያኔ ፒኮው በበራ ፒን ወደ ጠፋ አይሲ ይገፋል። ኤችሲ ከሆነ ፍሰቱ በመግቢያው ዳዮድ አልፎ የኮምፒውተሯን 5 ቮልት መስመር ሊያነሳሳ ይሞክራል። በተቃራኒው ላፕቶፑን ነቅለህ 386ዋን ብታበራ፣ በ1 ኪሎ ኦሞቹ በኩል ፒኮውን ትመግበዋለህ። አሁን ነቅለህ የፒኮውን 3.3 መስመር ለካው።

አራዳ386 ፤ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:20

ለካሁት። ዩኤስቢው ተነቅሎ 1.9 ቮልት አለበት። ደነገጥኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰፈራችን መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፣ ካርዱም እንደተሰካ ነበር።

የድሮ_ካውያ ፤ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:10

አይዞህ። ፒኮውን ከኮምፒውተሯ ከራሷ 5 ቮልት አብላው፤ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ በአንድ ሾትኪ ዳዮድ በኩል፣ ቪሲስ (VSYS) ወደሚባለው የኃይል መግቢያ ፒኑ። አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ዩኤስቢውን ፋይል ለመቀበል ስትፈልግ ብቻ ሰካው፣ ስትጨርስ ንቀለው። ከፒኮ ወደ 245 በሚሄዱት ስምንት መስመሮች ላይ 220 ኦም አድርግ። ኤልኤስ245 0 ሲሰጠው የሚመልሰው ፍሰት ትንሽ ስለሆነ 220 አይጎዳውም፤ ቀልጠፍ ያለውንም መወዛወዝ ያረጋጋል።

ግራውንድህን ደግሞ አራት ሽቦ አድርገው፤ አጭር አጭር። 100 ናኖ ፋራዱን በአይሲው ኃይልና ግራውንድ እግሮች መካከል፣ እግሩ ላይ አስጠግተህ። አንዱን ቀይረህ ለካ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም።

አራዳ386 ፤ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:25

ውጤት ይዤ መጣሁ።

ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። መርካቶ ቦርድ እንዳለው ነው። አንድ የተሰባበረ የኔትወርክ ካርድ አገኘሁ፣ ጥርሶቹ አጠገብ ኤልኤስ245 ቁጭ ብሏል። ባለቤቱ ለምን እንደፈለግሁት ሲሰማ ሌላ ካርድ ጨመረልኝ።

ጋሼ እንዳሉት አንድ በአንድ ቀየርኩ። መጀመሪያ ኤችሲውን ሳልነካ ግራውንዱን አራት አደረግሁና 100 ናኖ ፋራዱን ጨመርኩ። የ32 ስህተት በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ማታ 5 ቮልቱ ከፍ ሲል ተመለሰ። ቀጥዬ ኤችሲውን አውጥቼ ኤልኤስ245ቱን ሰካሁ። ከ0 እስከ 255 ያሉትን ሁሉ እያዞርኩ ሌሊቱን ሙሉ አስሮጥኩት። ጠዋት ስነሳ የስህተቱ ቁጥር 0 ነበር። ለማረጋገጥ ኤችሲውን መልሼ ሰካሁ፤ ሻይ ሳልጨርስ 32 ወደቀ። እንደገና ኤልኤስ።

አንድ ነገር ግን ተጎድቷል። ከፒኮው ፒኖች አንዱ ሁልጊዜ 0 ነው የሚያነበው። ያ የመብራት መጥፋት ይሆን አላውቅም፣ ወደ ሌላ ፒን አዛውሬዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ፋይሎቹን ማውጣት ጀመርኩ። ኪውቤዚክ ቀርፋፋ ነው፤ እያንዳንዱም ባይት ተመልሶ ይነጻጸራል፣ ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። እስካሁን 41 ፋይል ወጥቷል። የአንዱ ስም «እናቴ» ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ። አባቴ ስለ አያቴ የጻፈው መሆን አለበት። ከፈትኩት፣ ግን ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነው። እዚያው 386ዋ ላይ ስከፍተው አማርኛው ጥርት ብሎ ይታያል።

የአምስት_ኪሎ_ልጅ ፤ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:50

እልል! እንኳን ደስ አለህ።

ዝብርቅርቁ የካርድህ ጥፋት አይደለም፣ አትንካው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ መጻፊያ ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። የአባትህ መጻፊያ የትኛውን ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሰጠ ማወቅ ይበቃናል። 386ዋ ላይ አዲስ ፋይል ክፈትና ከሀ እስከ ፐ ያለውን ከነቤቶቹ በተራ ጻፍ። በካርድህ አውጣውና ባይቶቹን እዚህ ለጥፍልኝ። ሰንጠረዡን ነገ ቁጭ ብዬ እሠራልሃለሁ።

አራዳ386 ፤ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 5:05

አሁኑኑ እየጻፍኩ ነው። «ቀ» ላይ ደርሻለሁ።